መጎንበስ የተወው ልብስ ሰፊ

ሰላምታ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ። ተቀመጥ እንጂ ቢያድግልኝ፤ ቆመህ የምትሰማው ነገር አይደለም። የጠየቅከኝን ሰምቻለሁ። «የኔታ፣ የደነዘዘው እጄ ነው፤ ሐኪሞቹ ግን አንገትህ ካልተከፈተ ይሉኛል። እሱም ቢሆን የሄደው ይመለሳል አይሉም፤ የቀረውን እናትርፍልህ ነው የሚሉት። የሄደው ላይመለስ መቀደዱ ምን ይጠቅመኛል?» ነው ያልከው። እንግዲህ ሳታቋርጠኝ ስማ። አመልህን አውቀዋለሁ።

ሰውዬው ልብስ ሰፊ ነበር። በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ላይ ማሽኑን አቁሞ ይሰፋል። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጅም አልወለዱም። ቢሆንም ሰው አጥቶ አያውቅም፤ ሰላምታው ሰው ያመጣለታል። ሽማግሌ ሲያልፍ ሥራውን ትቶ ብድግ ይላል፣ እጅ ነሥቶ ጎንበስ ይላልና «እንዴት አደሩ» ይላል። ለደሃውም ለሀብታሙም ያው ነው። ያቺን ሰላምታ ለመቀበል ሲል መንገዱን በዚያ በኩል የሚያደርግ ሰው ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከብረው ግን አንድ ሽማግሌን ነው። እናት አባቱ ሲሞቱ ቤታቸው አስገብተው ያሳደጉት፣ መቀስ አያያዝ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ማለዳ ማለዳ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ በበረንዳው ያልፋሉ። እሱ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ይወርዳል፤ እሳቸው «ተው፣ ተው» እያሉ ትከሻውን ይዘው ያነሡታል። ሁለቱም ቀናቸውን የሚጀምሩት በዚህ ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ጣቶቹ እንቢ አሉት። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው። «ዓይኔ ነው» ብሎ መነጽር ገዛ። መርፌዋ ቁልጭ ብላ ታየችው፤ ክሩ ግን አልገባ አለ። ቁልፍ ሲተክል ቁልፉ ያመልጠዋል፤ መውደቁንም የሚያውቀው መሬት ላይ ሲያየው ነው። እግሩም ማሽኑን እኩል መርገጥ ተሳነው። «ማሽኑ ነው» አለና ማሽኑን ዘይት አጠጣው። የዋህ! ወጌሻ ዘንድ ሄዶ እጁን ታሸ። እንኳንም ወጌሻው አንገቱን አልነካው፤ ጠምዘዝ ቢያደርገው ኖሮ ጉዱ ይፈላ ነበር። አንገቱ ስለማያመው አንገቴን ብሎ አልተናገረም። የማያምህን ቦታ እንዴት ትጠረጥራለህ?

ከዚያ የባሰው መጣ። አንድ ቀን ለሰላምታ ጎንበስ ሲል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደነካ ሰው፣ ከማጅራቱ የተነሣ ንዝረት ጀርባውን ይዞ እስከ እግሩ ወረደ። ቀና ሲል ጠፋ። በማግስቱም ጎነበሰ፤ አሁንም ወረደበት። ፈራ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም። ጣቱ እንደማይታዘዘው ከተሰማ ማን ጨርቅ ያመጣለታል? ደግሞስ ምን ብሎ ይናገራል? «ሰላም ስላችሁ መብረቅ ይመታኛል» ይበል? አበደ ይሉታላ! ስለዚህ ምን አደረገ መሰለህ፤ መጎንበሱን ተወ።

ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው መጡ። እሱ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ እጁን ብቻ ከፍ አደረገ። ሽማግሌው ቆሙ። የሚነሣ መስሏቸው ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ሄዱ። ጀርባቸውን እያየ ሊጠራቸው አፉን ከፈተ፤ አልጠራቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽማግሌው በላይኛው መንገድ መሄድ ጀመሩ።

ከተማውም ወሬውን ተቀበለ። «ኮርቷል» አሉ። «ምን አገኘና ነው ሰው የሚንቀው?» አሉ። እግሩን አንፈራጦ እየተንገዳገደ ሲሄድ ያዩት ደግሞ «ይጠጣል» ብለው ጨመሩበት። ማኅበር ላይ ጽዋው ከእጁ አምልጦ ሲፈስ ተያዩ። ከዚያ ወዲያ ማኅበሩን ተወ፤ አሞኛል ብሎ እንኳ አይደለም፣ ዝም ብሎ ቀረ። ወጡ ከጣቱ ሲንጠባጠብ እንዳያዩት ብቻውን ይበላል። ሸሚዝ መቆለፍ ስላቃተው፣ ለስንቱ ቁልፍ ሲተክል የኖረው ሰውዬ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ለባሽ ሆነ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያያል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አንዳንድ ቀን አንድ ቃል ሳይናገር ይመሽበታል። ማታ በሩን ሲዘጋ «ደህና እደር» ይላል፤ ለማን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ብታምነኝ ከበሽታው ይልቅ የጨረሰው ይኸ ነው።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ቆየ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ወጡ። አልተቀመጡም።

«ጾም ሊገባ ነው» አሉት። «ቂም ይዤ አልጾምም። ምን በድዬህ ነው?»

አስበው እስቲ። ያሳደጉት አባት፣ ተበዳዩ እሳቸው ሆነው ሳለ፣ ደጁ ድረስ መጥተው ምን በደልኩህ ይሉታል። ልቡ ተሰበረ። «እርስዎ? እርስዎ ምን ይበድሉኛል አባቴ!» አለና ሁሉን ረስቶ ጉልበታቸውን ሊስም ወረደ። ንዝረቱ ወረደበት። እግሮቹ ከዱት፤ እጆቹም አልደረሱለትም፣ በግንባሩ ተደፋ። ሽማግሌው እግር የሚስም መስሏቸው «ተው፣ ተው» እያሉ ትከሻውን ያዙ። አልነሣ አለ። ያን ጊዜ ነው መሬት ላይ እንደተጋደመ ጉዱን ሁሉ የተናገረው፤ መርፌውን፣ ጽዋውን፣ ንዝረቱን።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን?» ብለው ጮኹበት። «እኔ እኮ ንቀኸኝ ነው ያልኩት! ምነው አንድ ቃል ብትነግረኝ?» አለቀሱ። እያለቀሱም ተቆጡት። ከዚያ ጎረቤት ጠርተው አስነሡትና ትልቁ ከተማ ሐኪም ቤት ይዘውት ሄዱ።

ሐኪሙ «ጨብጥ፣ ዘርጋ፣ ቶሎ ቶሎ» አለው፤ ቶሎ ቶሎ አልሆነለትም። ጉልበቱን በመዶሻ ቢጤ መታ ሲያደርገው እግሩ እንደ ደነገጠ በቅሎ ተራገጠ። አንገቱን በትልቁ መሣሪያ ፎቶ አስነሣውና እያሳየ እንዲህ አለው፤ «እጅህም እግርህም ጤነኛ ናቸው፤ ትእዛዝ ነው የማይደርሳቸው። ከአንጎል ትእዛዙን ይዞ የሚወርደው ሕብለ ሰረሰር በአንገትህ አጥንት መካከል ያልፋል። አጥንቱ ከዕድሜ ጋር እየበቀለ፣ በመካከሉ ያለው ትራስ እየተገፋ መንገዱን አጥብቦ ተጭኖታል። ስትጎነብስ ደግሞ ይብስበታል። ከፍተን ጫናውን እናነሣለን፤ እንዳይብስብህ። ትንሽ ትንሽ የሚመለስልህ ነገር ሊኖር ይችላል። ሁሉም ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽህም። ጣትህ ሲደነዝዝ መጥተህ ቢሆን...»

ልብስ ሰፊው አንተ የጠየቅከውን ጠየቀ። የሄደው ላይመለስ ምን ይሠራልኛል አለ። ሐኪሙ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ ደቅ አደረጉ።

«አንተና እኔ ሳንተያይ ያሳለፍነው ማለዳ ይመለሳል?» አሉት።

«አይመለስም አባቴ።»

«ታዲያ አይመለስም ብዬ በላይኛው መንገድ መሄዴን ልቀጥል?»

ለሐኪሙ «ይክፈቱት» አለ። አንገቱ ተከፈተለት።

ዳነ ብዬ አላሞኝህም። እግሩ ረጋለት፤ በከዘራ ይሄዳል። ጽዋውን በሁለት እጁ ይይዛል። መርፌና ክር ግን እስከዛሬም አልታረቁትም፤ ሌላ ሰው ይሰፋል፣ እሱ ልክ ይወስዳል። አንገቱም በብረት ስለተያያዘ እንደ ድሮው አይጎነብስም። አሁን ግን ይናገራል። «አንገቴ ታሞ ነው፤ እንዳትቀየሙኝ» ይልና እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ሽማግሌውም እንደ ድሮው በታችኛው መንገድ፣ በበረንዳው በኩል መጡለት፤ «የሁለታችንንም እኔው ልጎንበስ» እያሉ እሳቸው ጎንበስ ይሉለት ነበር። ብዙ አልቆዩም፤ ሞቱ። ዛሬ ስለ እሳቸው ሲያነሣ የሚያለቅሰው በሞታቸው አይደለም፤ ዝም ብሎ ባሳለፋቸው ማለዳዎች ነው።

እንግዲህ አንተም ያው ልብስ ሰፊ ነህ ቢያድግልኝ። ሐኪሞቹ ያጣኸውን አይደለም ያቀረቡልህ፤ ገና ያላጣኸውን ነው። ዛሬ በእግርህ መጥተሃል። እሱ የሄደውን እየቆጠረ ቢቀመጥ ኖሮ ያቺን ከዘራውንም ባጣት ነበር። የሚጠቅምህ ይኸ ነው፤ ሌላ መልስ የለኝም።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትቆጣ። ትናንት ሚስትህ እዚህ መጥታ ነበር። «ልጅቱን አላቅፍ አለ፤ እኛን መጥላቱ ነው» ብላ አለቀሰች። ከእጄ ትወድቅብኛለች ብለህ ፈርተህ መሆኑን እኔ አሁን ሳይህ ገባኝ። እሷ ከየት ታውቀዋለች? የቀጠሮህ ቀን አብሬህ እሄዳለሁ። አሁን ግን ተነሥና ቤትህ ግባ፤ ተቀመጥ፣ «ልጅቱን ጭኔ ላይ አስቀምጪልኝ» በላት።