ሰላምታ ያበዛው ሸማኔ

አንድ ሸማኔ ነበረ።

መሪጌታ እንቆባሕርይ ነገራቸውን በዚህ የጀመሩት ማስተዋል ለጠየቀቻቸው ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። ማስተዋል አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት፣ የጤና ጣቢያው ሐኪም ወደ ትልቅ ሆስፒታል ጽፎላት ነበር። ቀጠሮው የሚያዘው በስልክ ነው። ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት በቦርሳዋ ይዛ ስትዞር ወር ከአሥር ቀን ሞላት። ፊት ለፊት ሲሆን ማንንም የማትፈራ፣ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩን ሳይቀር የምታርም ሴት ናት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ ግን ከወዲያ «ሃሎ» የሚል ድምፅ ሳይመጣ ትዘጋዋለች። «መሪጌታ፣ ይህ ፍርሃት በጸሎት እስኪለቀኝ ልጠብቅ ወይስ ምን ላድርግ?» ነበር ሊጠይቋት ቤቷ ሲመጡ ያለቻቸው። እሳቸውም አልመከሯትም፣ አልገሠጿትም፤ አንድ ሸማኔ ነበረ አሏት።

ይህ ሸማኔ የሚኖረው ከገደል አፋፍ ላይ ነው። እጁ የተመሰገነ፣ ምላሱም የማያንስ ሰው ነበር። ገበያ ወጥቶ ሲከራከር ማንም አይረታውም፤ ሠርግ ቤት ከገባም ጨዋታው የሚደምቀው በሱ ነው። አንድ ቀን ከካብ ላይ ሲወርድ ድንጋዩ ከእግሩ ሥር ከዳውና እሱ በቀኝ እጁ ላይ ወደቀ። የእጁ አንጓ ቦታውን ለቀቀ፤ እስከ ማታ ድረስ አብጦ ዳቦ አከለ። ቀኝ እጅ ለሸማኔ ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ያ እጅ ከጠመመ መወርወሪያውን የሚይዝለት የለም፤ ሌላ ሙያ ደግሞ አልተማረም።

ወጌሻ ነበረ፤ ግን ከገደሉ ማዶ ነው። ወርዶ መውጣቱ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ሄደውም ላያገኙት ይችላሉ፣ በበቅሎው ሲዞር ነው የሚውለው። ስለዚህ ያገሩ ሰው አንድ ልማድ አበጀ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ወጌሻው በራሱ አፋፍ ላይ ብቅ ይላል። ሕመምተኛ ያለበት ሰው ከወዲህ ቆሞ ይጣራል። ወጌሻውም ሰምቶ ወይ «ሐሙስ ና» ይላል፣ ወይ «እኔ እመጣለሁ» ይላል። ከዚያ በቅሎው ላይ ወጥቶ መንገዱን ይጀምራል። ያመለጠው ሰው ነገን መጠበቅ ነው።

እንግዲህ ያ በገበያ የማይረታ ሸማኔ እዚህ ላይ ተረታ። ሰው ሲያናግር የሚያየው ቅንድቡን ነበር። ቅንድቡ ሲቋጠር ነገሩን ያለዝባል፣ ሲፈታ ይቀጥላል፤ ንግግሩ ሁሉ በዚህ ነበር የሚሄድለት። ማዶ የቆመ ሰው ግን የባቄላ ፍሬ አያክልም፤ ቅንድቡን ከየት ያግኘው? ደግሞም ድምፅ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ መካከል ላይ ዝምታ አለ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ሸማኔው «ተቆጣ፣ ናቀኝ፣ ምነው ባልጠራሁት» እያለ በራሱ ላይ ክስ ይመሠርታል፤ ምስክሩም ዳኛውም እሱው ነው። በዚያ ላይ የሁለት መንደር ሰው ይሰማል።

ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው ነውና መጀመሪያ የተጨነቀው ስለ ሰላምታው ነው። ትልቅን ሰው በባዶው «እጄን አሞኛል» ብሎ መጥራት ነውር መስሎት ቀኑን ሙሉ ቃል ሲመርጥ ዋለ። በማግስቱ ወጣና ተጣራ። ወጌሻው «ወይ!» አለ። ሸማኔው እንዴት አደሩ አለ። ቤተሰቡን ጠየቀ፣ ከብቱን ጠየቀ፣ አዝመራውን ጠየቀ፣ የበቅሎዪቱን ሰኮና ሳይቀር ጠየቀ። ወጌሻውም ለሁሉም እግዜር ይመስገን እያለ መለሰለት። የሚጠየቅ ነገር አለቀ። የቀረው እጁ ብቻ ነው። ያ ዝምታ መጣ። ሸማኔው «እንግዲህ ደህና ይዋሉ» ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሚስቱ ምን አሉህ ብላ ብትጠይቀው ነፋስ ስለ ነበር አልተሰማማንም አላት። በማግስቱ አፋፉ ላይ ሲደርስ ሌላ ሰው ቆሞ አገኘ። የሱ ሕመም ይብሳል ብሎ አስቀደመው። ከኋላው ለመጣችው ሴትም እንዲሁ ተራውን ለቀቀ። የሚለቅለት ሰው ሲያጣ ወጌሻው በቅሎው ላይ ወጥቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን እንደገና ሰላምታ፣ በአራተኛውም ሰላምታ። ሰነፍ ነው እንዳትይ። በየማለዳው ተነሥቶ አፋፉ ላይ የሚቆም ሰው ሰነፍ አይባልም። እንዲያውም ከመጣራቱ ይልቅ ሳይጣሩ መመለሱ የበለጠ ያደክማል፤ ይህን የደረሰበት ያውቀዋል።

በስምንተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙም ቀለል አለው። ሸማኔው እንዴት ደስ እንዳለው! ሚስቱን ጠርቶ ተሻለኝ አላት፤ ከእንግዲህ ወጌሻም መጣራትም ቀረ። ወዲያው ወደ መሸመኛው ጉድጓድ ወርዶ ተቀመጠና መወርወሪያውን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። ሁለቱ ጣቶቹ አልታጠፉም። መወርወሪያው ወደቀ። አነሣው፤ መልሶ ወደቀ። ሚስቱ ቆማ ታየዋለች። ተረበኛ ሴት ናት፤ ሰሞኑን ሁሉ «የበቅሎዋ ሰኮና እንዴት አደረ?» እያለች ስትቀልድበት ነበር የሰነበተችው። በዚያ ሰዓት ግን አልቀለደችም።

«አልተሻለህም፤ እየጠና ነው» አለችው። «አጥንት በጠመመበት ሲጠና ሕመሙ ይተዋል።»

ከፈለግህ እኔ ልጣራልህ ብላም ጨመረች። ነውር አልነበረውም፤ አንደበት ለከዳው ሰው አንደበት መሆን ወግ ነው። እሱም ትንሽ አሰበበት። ነገር ግን ወጌሻው መልሶ ቢጠይቅ የት የት እንደሚያመው፣ የቱ ጣት እንደማይታዘዘው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ነገ እኔው እጣራለሁ አላት። እንዲህ ሲል ድፍረት መጥቶለት እንዳይመስልሽ። ፍርሃቱ እንደነበረ ነው፤ ብቻ ከማዶው ሰው ይልቅ ያ የወደቀ መወርወሪያ አስፈራው።

በማግስቱ ወጣ። አፋፉ ላይ ሰው ሞልቷል። ያጠናው ሰላምታ በሙሉ ከአእምሮው ጠፋ። አፉን ሲከፍት ድምፁ መጮህ እንደሚለማመድ አውራ ዶሮ ተሰነጠቀበት፤ ከኋላው አንዱ ሳቀ።

«እጄ!» አለ። «ቀኝ እጄ! ከወደቅሁ ዘጠኝ ቀኔ!»

እንዴት አደሩ አላለም። የወጌሻውን ስም እንኳ አልጠራም። ዝምታው መጣ። ሸማኔው ድንጋይ ላይ ዝፍ ብሎ ተቀመጠ፤ ትልቅ ሰው አዋረድሁ፣ በሁለት መንደር ፊት ስሜን ቀበርሁ አለ በሆዱ። ከዚያ ከማዶ ድምፅ መጣ።

«ጣቶችህ ይታጠፋሉ?»

«ሁለቱ አይታጠፉም!»

«እንዳትሠራበት። ነገ እኔ እመጣለሁ።»

ይኸው ነው። ዘጠኝ ቀን የተፈራው ነገር አንድ ጉርሻ ለመዋጥ የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልወሰደም። ተሰብስቦ የነበረውም ሰው የየራሱን ሕመምተኛ አስቦ እንጂ እሱን ዞሮ ያየው የለም።

ወጌሻው እንዳለው በማግስቱ መጣ። መጥናት የጀመረውን አጥንት መልሶ ማላቀቅ ነበረበት፤ ሸማኔው ያን ዕለት ያየውን ጣር ላንቺ አልነግርሽም። እጁ በሸምበቆ ታስሮ ካበቃ በኋላ፣ ላቡን እየጠረገ ይቅርታ ይጠይቅ ጀመር። ስለ ሰላምታው ይቅርታ፣ ስለ ድምፁ መሰንጠቅ ይቅርታ፣ እንደዚያ ስለ መጮሁ ይቅርታ።

«የምን ድምፅ?» አለ ወጌሻው። «እኔ የሰማሁት ቀኝ እጅ፣ ዘጠኝ ቀን፣ ሁለት ጣት ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ሸምበቆው ነበር የማስበው።» ከዚያ ሸማኔውን ትክ ብሎ አየው። «በየጠዋቱ የበቅሎዬን ሰኮና የሚጠይቀኝ ሰው አንተ ኖረሃል? እኔ እኮ ይህን ሁሉ የሚጠይቅ ሰው እሱ ራሱ ደህና ቢሆን ነው እያልሁ ነበር የማልፍህ።»

ሸማኔው ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ አለቀሰ። በሁለት ወሩ ወደ ሥራው ተመለሰ። ትንሿ ጣቱ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልታጠፈችም፤ ቶሎ ቢደረስላት ኖሮ ትድን ነበር። ፍርሃቱም ቢሆን ጨርሶ አልለቀቀውም። ለልጁ እግር፣ ለጎረቤቱ ትከሻ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተጣርቷል፤ ሁልጊዜ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። እየተንቀጠቀጠ ይጣራ ነበር።

መሪጌታ ይህን ብለው ወደ ማስተዋል ዞሩ።

«ገደሉ ያ ስልክሽ ነው» አሏት። «ማዶ ተቀምጣ የሆስፒታሉን ስልክ የምታነሣው ልጅ ፊቷ አይታይሽም፤ ስለዚህ ገና ሳታነሺው ቁጣ ትሰጪያታለሽ። እሷ ግን ድምፅሽን ልትመዝን አልተቀመጠችም። ስምሽን፣ ምን እንደሚያምሽ፣ የምትመጪበትን ቀን ማወቅ ነው የምትፈልገው። ይህንኑ በወረቀቱ ጀርባ ጻፊና እያየሽ አንብቢላት። አፍሽ ቢተሳሰር ደግሞ ስልክ ያስፈራኛል፣ ትንሽ ታገሺኝ በያት፤ ካንቺ በፊት ስንቱ ብሏት ይሆናል። ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው፤ እሱ ለነገር ነው። ለሕመም የተተረተው ሌላ ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ማስተዋል ጸሎቱስ ታዲያ ምን ሊሆን ነው ብላ ጠየቀች።

«ጸልዪ፤ እኔም እጸልይልሻለሁ» አሉ መሪጌታ። «ፍርሃቱ ይለቅሽ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽሽም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ አንገትሽ ላይ ያለው ነገር ፍርሃትሽ እስኪለቅሽ ቆሞ አይጠብቅሽም። ሸማኔው አንድ ጣት ነው የከፈለው። አንቺ ከወር ከአሥር ቀን በላይ የምትከፍይው ምን እንደሆነ እኔም አንቺም አናውቅም።»

ከዚያ ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ስልኩን የምታነሣው ተረኛ ለምሳ የምትነሣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን ገና አምስት ተኩል ነው አሏት። በትራቸውንም ከግድግዳው ላይ አነሡ።

«እንግዲህ እኔ ልውጣልሽ ወይስ እዚሁ ልቀመጥ?»

ማስተዋል ስልኩን ከቦርሳዋ አወጣች። ወረቀቱንም አውጥታ ጀርባው ላይ ስሟንና ሕመሟን ጻፈች።

«እዚሁ ይቀመጡ» አለቻቸው፤ ቁጥሩንም መታች።