የአንድ ጠዋት ሦስት ቋጠሮ

አንድ ባለ ወፍጮ ነበረ። ተቀመጥ ልጄ፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «የአባቶቻችን ምግብ መድኃኒት ነው ወይስ መርዝ? መድኃኒት ከሆነ ሐኪሞቹ ምን ቆርጧቸው ያስፈራሩናል?» አልከኝ። አርባ ዓመት ጤና ጣቢያ ውስጥ ቁስል ሳጥብና መርፌ ስወጋ የኖርኩ አሮጊት ነኝና በአንድ ቃል ብመልስልህ ደስ ባለኝ። አንድ ቃል ግን አይበቃውም። ስለዚህ ስለ ባለ ወፍጮው ስማ።

አገሩ ቆላ ነው። በቆሎው በድርቅ ሲጠፋ የሚተርፈው ካሳቫ ብቻ ነው። ሥሩ ሁለት ዓመት ሙሉ መሬት ውስጥ ሆኖ ባለቤቱን ይጠብቃል፤ ነቀዝ አይነካው፣ ሌባ በአንድ ሌሊት አይጨርሰው። ሰዉ «የመሬት ጎተራ» ይለው ነበር። የዚያ አገር ካሳቫ ግን መራራው ዓይነት ነው፣ በጥሬው የሚገድለው። ይህን ደግሞ ጡት የጣለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ይላጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ወንዝ ዳር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ሌሊት ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ውሃው ይደፋና ሥሩ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ያደርቀዋል።

ሴቶቹ ከየጉድጓዱ ራስ ላይ ችካል ተክለው የቃጫ ክር ያንጠለጥሉበታል። በየማለዳው ወርደው አንድ ቋጠሮ ይቋጥራሉ። ሦስተኛው ቋጠሮ ሳይታሰር ሥሩ ከውሃ አይወጣም። ዱቄቱ ገበያ ሲወርድ ያው ክር የጆንያው አፍ ላይ ይታሰራል። ገዢው ክሩን በጣቱ ዳብሶ ሦስት ከቆጠረ ይገዛል፣ ሌላ አይጠይቅም። በሰው ፊት የሚምል አፍ ሊዋሽ ይችላል፤ በዚያ ክር የዋሸ ሰው ግን እስከዚያ ጊዜ ድረስ አልተሰማም።

ባለ ወፍጮው የሚዘፈዝፉለት ሴቶች ነበሩት። የእነሱ አለቃ አንዲት መበለት ነበረች። ጣቶቿ ከውሃ ብዛት ነጥተው የተሸበሸቡ፣ ንግግሯም እንደምትዘፈዝፈው ሥር መራራ።

ድርቅ መጣ። በቆሎው በቁሙ ነደደ። ሰው ቁናውን ይዞ ከንጋት ጀምሮ ወፍጮው ደጃፍ ይሰለፍ ጀመር። ባለ ወፍጮው ሰልፉን አየና ወንዝ ወርዶ መበለቲቱን ጠራት።

«ከዛሬ ጀምሮ በማግሥቱ ታወጪዋለሽ» አላት።

«የቀሩትን ቋጠሮዎች ማን ይቋጥርልሃል?»

«ሦስቱንም ጠዋቱን ቋጥሪያቸው። ክር ነው፣ ምን ያውቃል?»

«ክሩ አያውቅም። ሆድ ግን ያውቃል።»

«ሦስት ቀን የሚታገሥ ሆድ የት አየሽ፣ አንቺ ሴትዮ? ሰው የሚሞተው በረሃብ ነው! ደግሞስ አባቶቻችን ሲበሉት የኖሩት ነው፤ ማንን ገደለ?»

«አባቶቻችን ጠብቀው ነው የበሉት።»

«አንቺ እምቢ ካልሽ እሺ ባይ አላጣም» አላትና ሄደ። ጥቂት ራመድ ብሎ ግን ተመለሰ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለቤቴ የሚሆነውን እንደ ድሮው ሦስት ሌሊት አሳድሪልኝ። ለብቻው» አላት።

ልጄ፣ ይህችን የመጨረሻ ቃሉን ያዛት፤ እመለስባታለሁ።

መበለቲቱ ያን ጊዜ መጮህ ነበረባት። ይህን ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች። ነገር ግን ዘመኑ የረሃብ ነው፤ ቤቷ ሦስት አፍ ይጠብቃታል፤ ከባለ ወፍጮው ቤት ጉድጓድ ደግሞ አንዳንድ እፍኝ ይደርሳታል። ከሌሎቹ ራቅ ብላ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ የእሱን ጉድጓድ ትጠብቅ ጀመር። ከበታቿ ያሉት ሴቶች ጠዋት ጠዋት ሦስት ሦስት ቋጠሮ ሲያስሩ እያየች ፊቷን ታዞር ነበር። «ነገ እናገራለሁ» ትላለች። ሲነጋ ደግሞ «ዝናቡ እስኪጥል ነው» ትላለች። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ቀኑ ወሰዳት።

መጀመሪያ ራስ ምታት መጣ። ከዚያ ማዞርና ማስመለስ። ሰዎች ወፍጮው ዘንድ ሄደው ቢያማርሩ ባለ ወፍጮው ሳቀባቸው፤ «ባዶ ሆድ ላይ ጠግባችሁ ነው» አላቸው። እነሱም ሳቁ። ረሃብተኛ፣ ያበላው ሰው ሲቀልድ ይስቃል።

በሁለተኛው ወር የመበለቲቱ ጎረቤት ልጅ፣ ዘነበች የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ፣ ጄሪካን አዝላ ከወንዝ ስትመለስ ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች። ሲያነሷት አልቆመችም። እግሮቿ እንደ ደረቀ እንጨት ተገትረው ቀሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ በጣቶቿ ጫፍ ነው የምትረግጠው። ሳምንታት ሙሉ ያለ ወተት፣ ያለ ባቄላ፣ ያንኑ ዱቄት ብቻ ነበር የበላችው። መበለቲቱ ልትጠይቃት ብትሄድ እናቲቱ የልጇን እግር በቅቤ እያሸች ቀና አለችና፣ «ምን በደልኩ፣ እህቴ?» አለቻት። «ሦስት ቋጠሮ ያለውን ነው የገዛሁት። በእጄ ቆጥሬዋለሁ እኮ!»

መበለቲቱ ተነሥታ ወጣች። ቤቷ ገብታ የሠራችው ገንፎ አፏ ውስጥ አልዞር አላት።

በዚያው ሰሞን አገሬው የወንዙን ውሃ ወደ እርሻ ለመሳብ ቦይ ሊቆፍር በደቦ ወጣ። ምሳውን ያቀረበው ባለ ወፍጮው ነው። ሁለት ትልልቅ ድስት ገንፎ አስቀርቦ፣ እሱ ሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይመረቃል። «አንተ ባትኖር እኮ አልቀን ነበር!» ይሉታል። መበለቲቱ መጣች። በብብቷ ቅል ታቅፋለች። ማንንም ሰላም ሳትል ከድስቱ በማንኪያ ዛቀችና ባለ ወፍጮው አፍ ሥር ይዛ ቆመች።

«ብላ» አለችው።

«እኔ ቤቴ በልቼ ነው የመጣሁ።»

«አንዲት ማንኪያ።»

ከቆፋሪዎቹ አንዱ አካፋውን ተደግፎ፣ «አያ፣ የመበለት ጉርሻ አይመለስም! ነገር ያመጣል!» ሲል ሰዉ ሁሉ አወካ። ባለ ወፍጮውም አብሮ ሊስቅ ሞከረ። ማንኪያው ግን ከአፉ ሥር አልተነሳም። ላብ በግንባሩ ወረደ። ሳቁ ከዚህም ከዚያም እየተቆረጠ ጠፋ። ባለ ወፍጮው ከንፈሮቹን ገጠመ። ልጄ፣ ከዚያ ወዲህ ዳኛ አላስፈለገም።

መበለቲቱ ቅሉን መሬት ላይ አኖረችው። «ይህ የእሱ ቤት ዱቄት ነው» አለች። «ሦስት ሌሊት ያሳደርኩት እኔ ነኝ። እናንተ ድስት ውስጥ ያለው አንድ ሌሊት ነው ያደረው። ሦስቱ ቋጠሮ በአንድ ጠዋት ነው የታሰረው። አውቅ ነበር። ዘነበች ስትወድቅ እኔ ከእሱ ጉድጓድ እበላ ነበር። ከእሱ ጋር በእኔም ላይ ፍረዱ።» ይህን ብላ ሁለቱንም ድስት በእግሯ ገፍታ ቦዩ ውስጥ ደፋቻቸው፤ የተራቡት ወንዶችም በአካፋቸው አፈር መለሱበት።

ወፍጮው ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጁ ሳር አበቀለ። ወሬው ከተማ ሲደርስ አንድ ሹም ጃንጥላ ይዞ መጣና፣ «ካሳቫ መርዝ ነው፣ ንቀሉት» ብሎ አዘዘ። የአገሩ እኩሌታ ነቀለ። በዓመቱ ዝናቡ ዳግም ሲቀር የነቀሉት፣ ያልነቀሉትን ሊለምኑ መጡ። ሹሙ እንደ ባለ ወፍጮው ክፉ አልነበረም፤ ግን እሱም አልጠየቀም። ወንዝ ዳር ወርዶ ሴቶቹን «እንዴት ታደርጉታላችሁ?» ቢላቸው ኖሮ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም ነበር። ዘነበች ዛሬም በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ማለዳ ማለዳ ጉድጓዶቹ ዳር ተቀምጣ ክሩን በየተራ ትዳብሳለች። እሷ ባለችበት ሁለተኛ ቋጠሮ በአንድ ጠዋት የምታስር ሴት የለችም።

አሁን ወዳንተ ልመለስ። አንገትህን አትድፋ፣ እየኝ። አንተ የሽፈራው ዛፍ ቅጠል አድርቀህ ፈጭተህ ትሸጣለህ፤ በየከረጢቱ ላይ «የአባቶች ፈውስ» ብለህ ጽፈህ በሞንታርቦ ታስለፍፋለህ። ቅጠሉ መልካም ነው። እኔም እቀቅለዋለሁ፣ ከጎመን ይልቅ እወደዋለሁ። አባቶቻችን ግን ጎመናቸው አድርገው በሉት እንጂ «ደም ግፊት ነቅሎ ይጥላል፣ ክኒናችሁን ወርውሩ» አላሉም። ይህን ያልከው አንተ ነህ። እነሱ ያላሰሩትን ቋጠሮ በስማቸው ያሰርከው አንተ ነህ። ጎረቤቴ አናጢው ሰማህ፤ ክኒኑን ወረወረ። ዛሬ ግማሽ አካሉ አይታዘዘውም፤ ሚስቱ በማንኪያ ታበላዋለች።

መድኃኒት ነው ወይስ መርዝ አልከኝ። መልሱንማ አንተው ታውቀዋለህ። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ላይ አይቼሃለሁ። እናትህን በሞተር አዝለህ የደም ግፊት ክኒኗን ልትቀበልላት ሰልፍ ይዘህ ነበር። ያንተ የቤት ጉድጓድ ያ ነው።

ሂድ። ለሰው የምትሸጠውን ለእናትህ ስጣት፤ ካልደፈርክም ለእናትህ የምትሰጣትን ለሰው ንገር። ዛሬውኑ፣ በዚያው ሞንታርቦ።