ለጨው በዓል የተጠራ ጦር

«እንዲያው ለአንድ ቀን ጥቂት ወታደር ቢሰጡን፣ ሻለቃ» አለ የበረቱ አለቃ፣ ሙክቱ ፍየል፣ የፊት እግሮቹን አጥፎ። «ለሥርዓት ማስከበሪያ ነው። ለበዓሉም ድምቀት ይሆናል።»

ሻለቃ ጅቦ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሰማው። ከኋላው አንበሳው አንቀላፍቷል። በዚህ ግዛት አንበሳው ይነግሣል፣ ጅቦች ይጠብቃሉ፣ በረት ያሉት ያመሰግናሉ።

«ጥቂት ብቻ? ሙሉ ጭፍራ እልክልሃለሁ። ጦሩ የሕዝብ ነው።»

«ስንቃቸውን እኛ እንችላለን» አለ ሙክቱ ደስታው አፉን እያደናቀፈው።

ነገሩን በመጀመሪያ ያነሣችው በጊት ነበረች። በዓመት አንድ ቀን የጨው አለቱ ሲከፈት በረቱ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። አምና በግፊያው መካከል የበጊት ታናሽ ልጅ ተረግጣ ሞተች። አሁን የቀረቻት ታላቋ ልጇ ዛጎል ብቻ ናት። በጊት ሸንጎ ፊት ቆማ አልቅሳ የጠየቀችው አስተናባሪ ነበር። ሸንጎው ወታደር ይሻላል አለ።

ሙክቱ ተመልሶ የምሥራቹን ሲናገር እልልታ ሆነ። በጊት ተነሣች።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚበሉት?»

ሸንጎው አንገቱን ደፋ። በበረቱ ወግ፣ እንግዳን ምን ትበላለህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ያለው ይቀርብለታል፣ እሱም ያመሰግናል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልታዋርጂን ነው? ድርቆሽ አለ። ገብስ አለ። ምን ጎደለ?»

«ጅብ ድርቆሽ ሲበላ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ያላየነው ጋብዘነው ስለማናውቅ ነዋ!» አለ አህያው።

ሳቁ። አህያው ከሁሉም በላይ ሳቀ።

ጅቦቹ በበዓሉ ዕለት ጠዋት በሰልፍ ገቡ። እርምጃቸው አንድ ነበር፣ ወጣቶቹ አጨበጨቡላቸው።

አንዲት ፍየል ቀድማ ለመላስ ከተራዋ ወጣ አለች። አንዱ ወታደር የኋላ እግሯን በመንጋጋው ይዞ ሰበረው። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ የተጋፋ የለም።

«ሥርዓት ማለት እንዲህ ነው» አለ አህያው፤ ወዲያው ጆሮው ተቦጨቀ። ሰልፍ ላይ መናገር አይፈቀድም ነበር። ደሙ አለቱ ላይ ተንጠባጠበ። ከኋላው የነበረው ወጠጤ ተራው ሲደርስ ጨውን ከነደሙ ላሰ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ዞር ማለትም አይፈቀድም።

ቀትር ላይ ለእንግዶቹ ድርቆሹ ቀረበ። ሻለቃው አሸተተው።

«እናመሰግናለን። አሁን ደግሞ ለመስተንግዶው በጎ ፈቃደኞች ብትሰጡን። ወጣቶች ቢሆኑ ይመረጣል።»

ሙክቱ ወደ ግልገሎቹ ዞረ። «ማን ነው በረቱን የሚያኮራ?»

ዛጎል ቀድማ ዘለለች። ሌሎቹ ተከተሏት። ጅቦቹ በትሕትና መንገድ እያሳዩ ወደ ገለባ ቤቱ አስገቧቸው። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ጩኸት ተሰማ።

በጊት ሰልፉን ጥሳ ሮጠች። ትከሻዋን ነከሷት፤ ቆዳዋን አፋቸው ውስጥ ትታ አለፈች። ሻለቃው ደጃፉ ላይ ቆሟል፣ አገጩ ቀልቷል።

«ልጄን!»

«ፈቅዳ ነው የገባችው፣ እናቴ።»

«እኔም ፈቅጃለሁ። በእሷ ምትክ።»

ሻለቃው ከላይ እስከ ታች ተመለከታት። ላቷን አየ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዘልቆ ዛጎልን በማጅራቷ ጎትቶ አመጣና ወደ ውጭ ወረወራት። ፀጉሯ በደም ርሷል። ደሙ የሷ አልነበረም።

«እማ…»

«ሂጂ ተሰለፊ» አለቻት በጊት። «አትጋፊ።»

ገባች።

አለቱ አጠገብ ሙክቱ ንግግር ጀምሯል። ዘንድሮ በግፊያ የሞተ አንድም እንደሌለ እያበሠረ ሳለ፣ ከገለባ ቤቱ የሚመጣው ድምፅ አላናግር አለው። ታዳሚውን ይቅርታ ጠየቀ። ሄደና በሩን በቀንዱ ገፍቶ ዘጋው።