ጃርት የሠራችው አዲስ ቁልፍ

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ ተረት መጣ። እንስሳት ገንዘባቸውን በኮምፒውተር ውስጥ የሚያኖሩበት ዘመን ነበር። ብልሃተኛዋ ጃርት ለእያንዳንዳቸው የምስጢር ቁልፍ ሠርታላቸው ነበር፤ ሌባ ዕድሜውን ሙሉ ቢሞክር አይከፍተውም።

አንድ ቀን ጃርት ሁሉንም ሰብስባ፣ «ጅብ ከወንዙ ማዶ ኳንተም የሚባል፣ የዕድሜ ልክ ሙከራን በአፍታ የሚጨርስ ኮምፒውተር እየሠራ ነው። ቁልፋችሁን ይፈታዋል። ሌላ ጠንካራ ቁልፍ ስለሠራሁ ገንዘባችሁን ወደዚያ አዛውሩ» አለቻቸው።

ዝሆን ሳቀ። «እመት ጃርት፣ ቁልፉ አይፈታም ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? እኔ ጅብ ሲጨርስ አዛውራለሁ።»

«ብዬ ነበር፣ አያ ዝሆን» አለች ጃርት አንገቷን ደፍታ። «ያኔ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር አልነበረም።»

ኤሊ ግን፣ «እኔ ቀርፋፋ ነኝ፤ ዛሬውኑ ልጀምር» ብሎ ተነሣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ጅብ ሥራውን ሲጨርስ ለማንም አልተናገረም። ዝሆን አንድ ጠዋት ቢያይ የዕድሜ ልክ ጥሪቱ የለም። እያለቀሰ ጃርት ቤት ሄደ፤ ትወቅሰኛለች ብሎም ደጇ ላይ ቆመ። እሷ ግን አስገብታ አጠገቧ አስቀመጠችው፤ በኮምፒውተር ውስጥ ላለው ባዶ የገንዘብ ቦርሳውም አዲሱን ቁልፍ ገጠመችለት። ኤሊም ይህን ሰምቶ እያዘገመ መጣና ከራሱ ገንዘብ የመጀመሪያውን ሳንቲም ከተተለት።

ተረቴን አደረስኩ፤ ሰሚዎቼ በሰላም ግቡ።