የሐጂ ሙነወር ሦስተኛው ገመድ

ስሟን በማልጠራት አንዲት የቆየች ከተማ፣ ከጁምዓ መስጂዱ ቁልቁል ባለው ገበያ፣ ሐጂ ሙነወር የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። ዲሽ፣ ሪሲቨርና የቴሌቪዥን ገመድ ይሸጣሉ። አላህ ይዘንላቸውና፣ አዛን ሲሰሙ ገዢ ፊታቸው ቆሞም ቢሆን ሱቃቸውን ይዘጉ ነበር።

አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ወይዘሮ ረውዳ መጣች። ባሏ ጧሂር ወገቡን ታሞ ከቤት ከዋለ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሐጅ ሊሄድ ነይቶ ሳይሆንለት ስለቀረ፣ ቀኑን የሚገፋው ከመካ በቀጥታ የሚተላለፈውን ጠዋፍ፣ ሰዎች ካዕባን ሲዞሩ፣ በቴሌቪዥን እያየ ነው።

«ሐጂ፣ ያም ገመድ አልሆነልንም» አለች። «መጀመሪያ ርካሹን ሞከርን። ባለፈው ዓመት እርስዎ የተሻለውን ሰጡኝ። ባሌ አሁንም ደብዝዟል ይላል። እስቲ ያንን ጫፉ ወርቅ የተቀባውን ይስጡኝ።»

«እሱ እኮ ውድ ነው።»

«ይሁና! ካዕባን አጥርቶ ይይልኝ እንጂ የጆሮዬንም ወርቅ እሸጣለሁ።»

ሐጂ ገመዱን ከመስቀያው አወረዱት። እሷም ከመቀነቷ ብሩን ፈታች። ያኔ እጃቸው ቆመ።

«እህቴ፣ ምስሉ ይቆራረጣል? ይጠፋል?»

«ኧረ አይጠፋም። ደብዝዟል ነው የሚለው።»

«ገመድ ሲበላሽ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ይጠፋል እንጂ ጉም አይለብስም። ለቤት ቴሌቪዥን ደግሞ ርካሹም ውዱም ያው ነው። ነይ፣ ልየው።»

ሱቁን ዘግተው አብረዋት ሄዱ። ጧሂር ከቴሌቪዥኑ አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ ተቀምጧል። ልጁ ነኢማ ከጎኑ ናት።

«ሐጂ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ነው እንዴ የሸጡልን?» ብሎ ሳቀ።

ሐጂ አልሳቁም። ምስሉን ትክ ብለው አዩና ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ነኢማ፣ ላንቺስ እንዴት ነው?»

ነኢማ መጀመሪያ አባቷን አየች። «ደብዛዛ ነው» አለች።

ረውዳም፣ «አዎ፣ ጉም ለብሷል» አለች።

ሐጂ ከጧሂር አጠገብ ተቀመጡና እጁን ያዙ። «ወንድሜ፣ ለእኔ ጥርት ብሎ ይታየኛል። በካዕባው ልብስ፣ በኪስዋው ላይ የተጠለፈውን የቁርኣን አያ አነበዋለሁ።»

ነኢማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ለእኔም ይታየኛል አባባ። ሁልጊዜም ይታየኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አንተ ደበዘዘ ካልክ» አለች ረውዳ፣ «እኛ እንዴት ጠራ እንላለን?»

በዚያ አገር የአባወራን ቃል ፊት ለፊት መመለስ ነውር ነበረና።

በማግስቱ ለገመዱ በተዘጋጀው ብር ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐኪሙ በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን እንደጎዳው ነገራቸው። የቀረችውን ብርሃን ለጊዜው ማቆየት ይቻላል፤ የሄደው ግን አይመለስም። «ከዓመት በፊት መጥታችሁ ቢሆን...» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ።

ሐጂ ሙነወር ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። ጎረቤቶቻቸው፣ «ነገሩን የደረሱበት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ምን ያስለቅስዎታል?» ቢሏቸው እንዲህ አሉ፦

«ገመዱ ዐይብ፣ ጉድለት አልነበረበትም። ዐይቡ የዛሬ ዓመት ሳልጠይቅ መሸጤ ነው።»

የዕቃን ጉድለት ደብቆ መሸጥ ሐራም መሆኑን ከእኛ መሐል የማያውቅ የለም። ሐጂ ግን የደበቁት ነገር አልነበረም። የተጠየቁትን ሰጡ፣ ሒሳባቸውን ተቀበሉ። ይህም ከበዳቸው። እኔ ኪታብ ብዙ አልቀራሁም፤ ልጆቼንም «የአባታችሁን ቃል አትመልሱ» እያልኩ ነው ያሳደግኩት። አሁን ግን ስለ ነኢማ ሳስብ እፈራለሁ። እሷ አደብ መስሏት ነበር። ለወላጅ በጎ መዋል እሺ ማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለን! የዓይኑ ብርሃን ምን ያህል እንደቀረው ማን ይነግረዋል፣ የሚወደው ሰው ዝም ካለ?

ጧሂር ብርሃኑ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላም ቴሌቪዥኑ ይከፈትለት ነበር አሉ። ነኢማ አጠገቡ ተቀምጣ የምታየውን፣ የምታየውን ብቻ፣ ትነግረዋለች፦

«አሁን ዝናብ ጣለ አባባ። ሰዎቹ ግን ጠዋፋቸውን አላቋረጡም።»