አርጃኖ የውሃ ነው ወይስ የየብስ?

ስሙኝማ፤ ባትሰሙኝም እነግራችኋለሁ።

ዝዋይ ሐይቅ ዳር ዘርትሁን የምትባል ሴት ነበረች። ገብስማ ዶሮ አለቻት። ዶሮዋ እንቁላሏን ታቅፋ ጫጩት እንድታወጣላት ትፈልጋለች፤ ሌላ ምንም አላማራትም።

ታዲያ ከሐይቁ አርጃኖ ይወጣል። እንሽላሊት እንዳትሉት፣ ርዝመቱ ከሰው ቁመት አያንስም። አዞ እንዳትሉት፣ የአዞንም እንቁላል ይሰርቃል። ጠዋት ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሞቅ ሲለው እንደ ሹም እየተንጎማለለ ግቢ ይገባል፤ መንታ ምላሱን ብልጭ እያደረገ ያሸታል፤ ዶሮዋን ገፍቶ ጎጆዋ ውስጥ ይተኛል።

«ውጣ ከዚህ» አለችው ዘርትሁን።

«አልወጣም። ቁርሴን ሳልጨርስ?»

ውሻዋን ጠራች። ስሙ አስደንግጥ ነው፤ ስም ማውጣት መቼም አይከፈልበትም። «ና፣ አርጃኖውን አባርርልኝ።»

«እትዬ፣ ጅራቱን አላዩትም? ጅራፍ እኮ ነው። ደግሞስ እሱ የውሃ ነው፤ እኔ የግቢ ነኝ።»

ውሻው አላባርርም አለ፣ አርጃኖው አልወጣም አለ፣ ገብስማዋም ቆማ ዋለች።

ባሏ ደምሰው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ጥላ ሥር መረቡን ይጠግናል። «ውሻህን ተቆጣልኝ» አለችው።

«ምን አጠፋ?»

«አርጃኖውን ፈራ።»

«ግቢ ገብቶ እንቁላል ከበላማ የየብስ ነው። እኔ የውሃ ሰው ነኝ አንቺ፤ ዓሣ ቢሆን ጉዱን አሳየው ነበር።»

ደምሰው አልቆጣም አለ፣ ውሻው አላባርርም አለ፣ አርጃኖው አልወጣም አለ፣ ገብስማዋም ቆማ ዋለች።

ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ወደ ጋሽ ገረመው ሄደች። «ጋሼ፣ ባሌን ይገሥጹልኝ።»

«ለመሆኑ እንስሳው የውሃ ነው የየብስ?»

«ሁለቱም ነው።»

«እንዲህማ አይሆንም። የውሃ ከሆነ ዓሣ አጥማጆቹን ይመለከታል፤ የየብስ ከሆነ ከብት ሐኪሙን። ሁለቱም ከሆነ ኮሚቴ ይቋቋማል።»

«እስኪቋቋም እንቁላሉስ?»

«እንቁላሉ ይታገሥ።»

ገረመው አልገሥጽም አለ፣ ደምሰው አልቆጣም አለ፣ ውሻው አላባርርም አለ፣ አርጃኖው አልወጣም አለ፣ ገብስማዋም ቆማ ዋለች።

የሊቀመንበሩን ሚስት ፋናዬን ለመነቻት። «ፋንዬ፣ ባልሽን ምሳ ንፈጊልኝ፤ ሥራውን ይሥራ።»

«ውይ ዘርዬ፣ እኔ በመንግሥት ሥራ እጄን አላስገባም።» ስኳር ሲመጣ መጀመሪያ ማን ቤት እንደሚገባ ግን ሰፈሩ ያውቃል።

ፋናዬ አልነፍግም አለች፣ ገረመው አልገሥጽም አለ፣ ደምሰው አልቆጣም አለ፣ ውሻው አላባርርም አለ፣ አርጃኖው አልወጣም አለ፣ ገብስማዋም ቆማ ዋለች።

ሁዳዴ ሲጋመስ ፋናዬ ብቅ አለች። «ዘርዬ፣ ለፋሲካ ወጥ እንቁላል ታስቀምጪልኛለሽ?»

«ጎጆው ውስጥ የተኛውን ጠይቂው።»

«አማቶቼ ይመጣሉ እኮ። ዶሮ ወጥ ያለ እንቁላል ላቅርብላቸው?»

«ምን ታደርጊዋለሽ፤ አርጃኖ ካለ እንቁላል የለም።»

ያኔ ፋናዬ ቤቷ ገብታ መሶቡን ከደነች። ፋናዬ ምሳ ነፈገች፣ ገረመው ሆዱ ጮኾ ደምሰውን ገሠጸ፣ ደምሰው አፍሮ ውሻውን ተቆጣ፣ ውሻው ደንግጦ አርጃኖው ላይ ጮኸ። አርጃኖው መጀመሪያ የሞተ መሰለ። እንደማያዋጣው ሲገባው ውሻውን በጅራቱ ሾጥ አድርጎ ሮጠ፤ ሐይቁ ውስጥ ጥልቅ አለ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ቢጠብቅም ብቅ አላለም።

ገብስማዋ ጎጆዋ ገባች። ጣለች፣ ጣለች፣ ከዚያም ታቀፈች።

በፋሲካ ዋዜማ ፋናዬ ቅርጫት ይዛ መጣች። «እንቁላሉስ?»

«አለ።»

«የታል?»

«ዶሮዋ ሥር። እጅሽን ሰደድ አድርጊ።»

ሰደድ አደረገች፤ ገብስማዋ ጣቷን ጠቅ። ከዶሮዋ ክንፍ ሥር ጪው የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ደግሞ ሌላ ጪው። ፋናዬ ባዶ ቅርጫቷን አንጠልጥላ፣ ጣቷን እየመጠጠች፣ ለአማቶቿ ምን እንደምትላቸው እያሰበች ሄደች።

እኔም ተረቴን እዚህ አስቀምጬዋለሁ፤ የፈለገ ያንሳው።