ማማው ላይ ማን ይውጣ?

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ደግሞ እግርህን ሰብስብ፣ ሰው ያልፍበታል። ወሬውን ለእኔ ተዉት፣ እናንተ ጆሮ ብቻ ስጡኝ።

በድሮ ዘመን፣ የቅድመ አያቶቻችሁ ቅድመ አያት ገና ጥርስ ሳያበቅሉ፣ ቆላ ውስጥ አንድ ንጉሥ ነበር። ንጉሡ ደግ ነበር፣ ግን ችኩል። የንጉሡ አጋፋሪ ታዛዥ ነበር፣ ግን ሰነፍ። በዚያው አገር ባይለየኝ የሚባል ወንጭፈኛ ነበር፤ ጎበዝ ነበር፣ ግን ኩሩ። ኩራቱም ያምርበት ነበር፣ ምን ይደረግ!

አገሩ ሁሉ የሚበላው ከአንድ ሰፊ የማሽላ እርሻ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ታዲያ ግሪሳ ወፍ ይመጣል። ግሪሳን ታውቁታላችሁ? አንዷ ወፍ ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም። ስትመጣ ግን ብቻዋን አይደለም፤ ሰማዩን አጥቁራ ነው የምትመጣው። ከወረደች ደግሞ እርሻውን ሳትላጭ አትነሣም። ስለዚህ እርሻው መሀል ከእንጨት የተሠሩ ከፍ ያሉ ማማዎች ነበሩ። በየማማው ላይ አንድ ጠባቂ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ወንጭፉን ያሽከረክራል፣ ይለቃል።

ጠባቂ የሚመረጠው በውድድር ነበር። ሜዳ ላይ ተሰልፎ፣ አሽከርክሮ፣ ለቅቆ፣ ድንጋዩን አርቆ የጣለ ማማ ያገኛል። ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ታዲያ አምባው ላይ ያሉት የላይ መንደር ሰዎች ናቸው። ባይለየኝ አንደኛ፣ ወንድሙ ሁለተኛ፣ የአጎቱ ልጅ ሦስተኛ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ አማቹ ድረስ ይወርዳል። ውድድሩ ማጭበርበር አልነበረበትም። ክንዳቸው እውነተኛ ክንድ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ማሽላው ገና ወተት እንደያዘ፣ የባይለየኝ አጎት ሞቱ። ጠባቂው ሁሉ ዘመድ ነው። ዘመድ ከለቅሶ ይቀራል? ኧረ እንዴት ተደርጎ! «ቶሎ ቀብረን እንመለሳለን» አሉና ሁሉም ከማማቸው ወረዱ፣ ሁሉም አምባውን ወጡ፣ ሁሉም አለቀሱ። ሲመለሱ የቆመው ባዶ አገዳ ብቻ ነበር።

ያን ዓመት አገሩ ተራበ። የባይለየኝ እናት ትርንጎ «እኔ ጠግቤያለሁ» እያለች የራሷን ጉርሻ ለልጅ ልጆቿ ታጎርስ ነበር። ጠግባ አልነበረም። በዚያው ጉልበቷ ከዳት፣ አልጋ ላይ ቀረች።

አዲሱ ማሽላ ብቅ ሲል ንጉሡ አገሩን ሰበሰበ። በንዴት ጦፏል። «ከእንግዲህ ጠባቂ የወለደችው እናቱም ብትሞት ከማማው አይወርድም!» ሊል አፉን ሲከፍት፣ እቴጌይቱ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«ጌታዬ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ሰው እናቱን አይቅበር ተብሎ ይታወጃል እንዴ? ይልቅ ጠባቂዎቹ ከየመንደሩ ቢሆኑስ? ያን ጊዜ የአንዱ ለቅሶ የሁሉም ለቅሶ አይሆንም። የአንዱ በዓል ሲደርስም ሌላው ይጠብቅለታል።»

ንጉሡ ችኩል ነው ብያችሁ የለ? እዚያው በቆመበት «ከየመንደሩ አንድ አንድ ሰው ማማ ይውጣ!» ብሎ አዋጅ አስነገረ።

ባይለየኝ ደሙ ፈላ። ወንድሙ ከማማው ወረደ፣ የአጎቱ ልጅ ወረደ፣ አማቹ ወረደ። ንጉሡ ፊት ቆመና «ጃንሆይ፣ ወፍ ከየት መንደር ነህ ብሎ አይጠይቅም። ክንድ ያለው ይውጣ!» አለ።

ንጉሡም «ባለፈው ዓመት ክንድ መቼ ጠፋ? ክንዱ ሁሉ ለቅሶ ቤት ነበር እንጂ» አለው።

ባይለየኝ እጅ ነሥቶ ወጣ። ግን አላመነም። እጅ መንሣትና ማመን ለየቅል ናቸው፣ ልጆች።

ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር አንጓች የምትባል ሴት መጣች። ከወንዙ ማዶ ከሙስሊሞቹ መንደር እንድሪስ መጣ። ከገደል ስር፣ ከጫካ ዳርና ከረግረጉ መንደር ግን የመጣ የለም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ አጋፋሪውም ሄዶ ለመጥራት ሰንፏል። እሱ የሚፈልገው «ሞልቷል ጃንሆይ» ብሎ መናገር ብቻ ነበር።

ይህን የሰማ ዳምጤ የሚባል አንድ ብልጣ ብልጥ ሰው ነበር። ነጭ ጥምጥም ጠመጠመና «እኔ ከገደል ስር ነኝ» አለ። አጋፋሪው ቀና ብሎም ሳያየው «አንድ ማማ፣ አንድ ቀለብ» አለ። ዳምጤ ዞሮ የበግ ለምድ ለበሰና «እኔ ከጫካ ዳር ነኝ» አለ። «አንድ ማማ፣ አንድ ቀለብ።» ዳምጤ እንደገና ዞሮ ከደንገል የተሠራ ገሳ ደረበና «እኔ ከረግረጉ ነኝ» አለ። «አንድ ማማ፣ አንድ ቀለብ! ሞልቷል ጃንሆይ!»

እንዲህ ሆኖ ዳምጤ በእርሻው ጥግ ያሉትን ሦስት ማማዎች ብቻውን ያዘ። ጥምጥሙን ለአንድ እንጨት ጠመጠመለት፣ ለምዱን ለሌላ እንጨት አለበሰው፣ ገሳውን ለሌላ እንጨት ደረበለት። ሦስቱን ማስፈራሪያ ሦስቱ ማማ ላይ አቆመና እሱ ሾላ ስር ጋደም አለ። ከሩቅ ላየው ሦስት ትጉህ ጠባቂ ይመስላል።

አሁን ወደ ባይለየኝ እንመለስ። ማማው መሀል ነው፤ ወፍ የሚገባበት ዋናው በር። በቀኙ አንጓች አለች፣ ከእሷ ቀጥሎ እንድሪስ አለ። በመጀመሪያው ቀን አንጓች ወንጭፏን አነሣች። አሽከረከረች፣ ለቀቀች፤ ድንጋዩ ወደ ኋላ በረረና የእንድሪስን የውሃ ቅል ከሁለት ከፈለው!

«ኧረ በአላህ!» አለ እንድሪስ እየሳቀ፣ «እኔ ወፍ መሰልኩሽ እንዴ?»

ባይለየኝ ግን አልሳቀም። «ይኸው!» አለ። «ወንድሜን አውርደው ይቺን አወጡልኝ! ማማ የወጣሽው በክንድሽ አይደለም፣ በመንደርሽ ስም ነው።»

አንጓች ዐይኗ እንባ አቀረረ። «እውነትህን ነው፣ አያ ባይለየኝ» አለችው። «እኔም ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። ግን የት ልማረው? መወርወሪያው ሜዳ ላይ ብቅ ባልን ቁጥር 'ወግዱ' ነበር የምንባለው። አንተም ብለኸኛል። አሁን ወፉ ሳይመጣ አስተምረኝ። ካቃተኝ እኔው ራሴ እወርዳለሁ።»

ባይለየኝ ወንጭፉን ትከሻው ላይ ጣለ። «ወግጂ» ማለቱ ትዝ አለው፣ ፊቷ ግን ትዝ አላለውም። ከማማው ወረደና «ነይ ውረጂ፣ ክንድሽን አሳዪኝ» አላት።

አሽከረከረች፣ ለቀቀች፤ ከኋላዋ ወደቀ። «አይደለም፣ የእጄን አንጓ እዪ» አላት። አሽከረከረች፣ ለቀቀች፤ እግሯ ስር ወደቀ። «አትቸኩዪ» አላት። ቀን በቀን እየተማረች፣ መዳፏ እየተላጠ፣ አንድ ጠዋት አሽከረከረች፣ ለቀቀች፤ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና የእርሻውን ድንበር አልፎ ወደቀ። ባይለየኝ ሳያስበው «እሰይ!» አለ። ከዚያ ደግሞ አፈረና ጉሮሮውን ጠረገ።

በማግስቱ አንጓች አንድ አገልግል አመጣችለት። ከጭቃ አድቦልቡላ በፀሐይ ያደረቀቻቸው ጥይቶች ነበሩ፣ የእርግብ እንቁላል የሚያካክሉ። ባይለየኝ አንዱን ወነጨፈው። ፉጨቱን ለቆ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ የጎበጠ ድንጋይ እንዲህ ሄዶለት አያውቅም። «እግዜር ይስጥሽ» አላት። ለእሷ ምስጋና ሲወጣው የመጀመሪያው ነበር።

ማሽላው ዛላውን አወጣ፣ ወተቱን ያዘ፣ ወፉ የሚመጣበት ጊዜ ደረሰ። አንድ ረፋድ ላይ ከአምባው የለቅሶ ጥሩምባ ተነፋ። የላይ መንደር ሰው ቁልቁል ተጣራ፤ «ባይለየኝ ሆይ! እናትህ ትርንጎ አረፈች! ባይለየኝ ሆይ፣ ና!»

ባይለየኝ ማማው ላይ እንደቆመ ወንጭፉ ከእጁ ወደቀ። ብሄድ፣ አለ በልቡ፣ ወፉ ይወርዳል፣ የአምናው ረሃብ ይመጣል፤ እናቴን የገደላት እሱ አይደል? ብቀር፣ የበኩር ልጇ ሳለሁ እናቴን ማን አፈር ያለብሳታል? አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አደረገ፣ መለሰው። እንደገና አደረገ፣ መለሰው።

አንጓች መሰላሉን ስትወጣ አያት። «አያ ባይለየኝ፣ ሂድ» አለችው።

«ማማዬስ?»

«ማማህ ላይ እኔ አለሁ።»

«የአንቺስ?»

«የእሷን እኔ ይዣለሁ!» አለ እንድሪስ ከወዲያ እየጮኸ። «ሁለቱን እየተመላለስኩ እጠብቃለሁ። የእኛ ሰው አልሞተም፣ በዓላችንም አልደረሰም። ሂድ ወንድሜ፣ እናት አንድ ናት!»

ባይለየኝ ሁለቱን አየ። ወንጭፉን አነሣና ለአንጓች ሰጣት። ከዚያ እያለቀሰ አምባውን ወጣ።

እናቱን በእጁ ቀበረ። አፈር አለበሳት። ሐዘንተኛ ነውና ዘመዶቹ ደጃፉ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ሆኖ ቁልቁል እርሻው ይታየዋል። ያን ጊዜ ሰማዩ ጠቆረ፤ ግሪሳ መጣ።

ጥቁሩ ደመና መሀለኛው ማማ ላይ ወረደ። ባይለየኝ ትንፋሹን ያዘ። ደመናው ተነሣ! እንድሪስ ጋ ወረደ። ባይለየኝ ተነሥቶ ቆመ። ደመናው ተነሣ! ወደ ጥጉ፣ ወደ ሦስቱ ማማዎች ወረደ። አልተነሣም።

«ቁጭ በል እንጂ፣ ሐዘንተኛ አይሮጥም» ቢሉት ማን ሰምቷቸው። ቁልቁል በረረ። ሲደርስ አንጓች ማማው ላይ ናት። ድምፅዋ ተዘግቷል፣ መዳፏ ደም ለብሷል፣ አገልግሉ ባዶ ሆኗል። ማሽላው ግን አለ! በመሀልም አለ፣ በቀኝም አለ። ጥጉ ላይ ብቻ ባዶ አገዳ ቆሟል፤ ጥምጥሙ ላይ፣ ለምዱ ላይ፣ ገሳው ላይ ወፎቹ ኩሳቸውን ጥለውበት ሄደዋል። ዳምጤ ሾላው ስር ዐይኑን እያሸ «ምን ሆነ?» አለ። ምን ሆነ ይላል እንዴ!

ንጉሡ መጣ፣ አጋፋሪው እየተንቀጠቀጠ መጣ፣ አገሩ ተከትሎ መጣ። የባይለየኝ ዘመዶች በጆሮው «ጊዜው አሁን ነው። ከየመንደሩ መልቀም ይኸን አመጣ በል። ማማዎቻችንን አስመልስልን» አሉት።

ንጉሡም «ባይለየኝ፣ የተቃወምከኝ አንተ ነበርክ። አሁንስ ምን ትላለህ?» አለው።

ባይለየኝ እንባውን በነጠላው ጠረገ። «ጃንሆይ፣ ክንድ ይታይ ማለቴን አልተውም። ጥጉን ያስበላው ስምን ብቻ ጠርቶ ክንድን ሳያዩ ማማ መስጠት ነው። ግን በሩን ዘግተን ስለኖርን የስንቱን ክንድ ሳናይ ቀርተናል! ዛሬ መሀሉን ያዳነችው አንጓች ናት። በአምናው ደንብ ቢሆን ወይ እናቴን ሳልቀብር እቀር ነበር፣ ወይ አገሬን እቀብር ነበር። ዛሬ እናቴን ቀብሬ መጣሁ፣ አገሬም አለ።»

ንጉሡ ሦስቱን የለበሱ እንጨቶች አየ፣ የዳምጤንና የአጋፋሪውን ሥራ ተረዳና ፈረደ። ዳምጤ ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ ለምዱን ለብሶ፣ ገሳውን ደርቦ፣ በቆላ ፀሐይ ከማማ ማማ እየሮጠ እንዲጮኽ ተፈረደበት፤ ቀለቡም ከዚያው ከወፍ ከተረፈው አገዳ። አጋፋሪው ከሹመቱ ወርዶ ሩቆቹን መንደሮች በእግሩ ዞሮ ሰው እንዲጠራ ታዘዘ። ከእንግዲህም ሜዳው ለሁሉ ይከፈት፣ ያልተማረ ከባይለየኝ ይማር፣ ክንዱን ያሳየ ማማ ይውጣ፣ ከአንድ ቤት ግን ሁሉም አይውጡ ተባለ።

ባይለየኝ ወደ ለቅሶው ሲመለስ ብቻውን አልተመለሰም። አንጓችንና እንድሪስን ይዟቸው ሄደ። በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪ ደጅ ትቆማለች እንጂ ቤት አትገባም። ዘመዶቹ ተያዩ፣ አንጓችም ደጁ ላይ ቆም አለች። ባይለየኝ የደማ መዳፏን በሁለት እጁ ያዘና ሳመው። እናቱ ትቀመጥበት ወደነበረው መደብ ወስዶ አስቀመጣትና «እናቴን ያስቀበረችኝ ይቺ ናት። እግዜር ውለታዋን ይክፈላት» አለ።

ከዚያ የትርንጎ ታላቅ እህት፣ አሮጊቷ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከመቀመጫቸው ተነሡላት። ቀጥሎ ወንድሙ ተነሣ፣ የአጎቱ ልጅ ተነሣ፣ አማቹም ተነሣ። አንጓች ድምፅ የላትም። በከንፈሯ ብቻ «ነፍስ ይማር» አለች።

ልጆች፣ ነገሩ ይኸው ነው። በሩን ለሁሉ ክፈቱ፣ የገባው ደግሞ ሥራውን ይወቅ፤ የማያውቅ ካለ አስተምሩት። ማማችሁን ለጠበቀላችሁም ሰው ማመስገን አትፈሩ።

ተረቴን ተረከቡኝ፣ እኔም ጉሮሮዬን ላርጥብ።